ጉሮሮ የሚደርሰው ጠብታ

ጠርሙሷ ማለቅ ነበረባት። ወርቅአየሁ የራስጌውን መሳቢያ የከፈተችው የባሏን የሕክምና ካርድ ፍለጋ ነው፤ ከካርዱ በፊት የዓይኑ ጠብታ ጠርሙስ እጇ ገባችና በመስኮቱ ብርሃን ላይ አንስታ ነቀነቀቻት። ከግማሽ በላይ አላት። የተገዛችው ጾሙ የተያዘ ሰኞ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ደብረ ዘይት አልፎ ረቡዕ። ጠዋት በሁለቱም ዓይን አንድ አንድ ጠብታ፣ ማታ በሁለቱም ዓይን አንድ አንድ ጠብታ፣ እንዲህ ሲሆን በወሩ ባዶ ትሆናለች ብሎ ፋርማሲስቱ ነግሯታል። እሷም ሌላ የምትገዛበትን ቀን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ በእስክሪብቶ ከብባበታለች። የተከበበው ቀን ዛሬ ነው። ጠርሙሷ ግን ገና ብዙ አላት።

ባሏ ተክለጻድቅ በረንዳው ላይ ዳዊቱን ይደግማል፤ ድምፁ በመጋረጃው በኩል ይመጣል። ያቺን ደቃቅ ፊደል የሚያነባት ያለ መነጽር ነው። ማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ፊደል ሲለቅም የኖረ ሰው በመሆኑ በዓይኑ የሚመጣበትን አይወድም። ባለፈው መስከረም ሐኪሙ ግላኮማ አለብዎት ሲለው የመድኃኒቱን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ከላይ እስከ ታች አነበበለትና የታመመው የቱ ዓይን ነው ብሎ ጠየቀው። ወጣቱ ሐኪም አልተቆጣም። ይህ በሽታ ከዳር ነው የሚጀምረው፣ አያምም፣ አይቆረቁርም፣ መሀሉን የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሰው ሲነቃ ብዙው ሄዷል፣ የሄደውን ደግሞ ማንም አይመልሰውም አለ። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። ተክለጻድቅ ይህን በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አስወጣው፤ ወርቅአየሁ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የረባ እንቅልፍ የላትም። ድሮም ጋዙ መዘጋቱን ሁለቴ ሄዳ የምታይ፣ የልጅ ልጇ ፌበን ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገየች ነጠላዋን ጣል አድርጋ እስከ ሲግናል አስፋልት የምትወጣ ሴት ናት። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች፤ የመድኃኒቱን ወረቀት በአማርኛ የተጻፈውን በሙሉ በቃሏ ይዛዋለች። ልጇ፣ የፌበን እናት፣ እማዬ ጭንቀትሽ ደመወዝ ቢከፈልበት ቪላ ይሠራ ነበር እያለች ትስቅባታለች።

ጠርሙሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ካርዱንም አገኘችው። ቀጠሮው ሁለት ሰዓት ነው።

ክሊኒኩ መገናኛ ካለ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለካርድ ማሳደሻ ሠላሳ ብር ተከፈለ። የመጠበቂያው ክፍል አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው አብዛኛው አዛውንት ነው፣ ከመካከላቸው አንዳንዱ ልጁን አስከትሏል፣ አንዳንዱ ብቻውን ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ ይገባል። ሁሉም ስለ ቲማቲም ነው የሚያወራው። ኪሎው አሥራ አራት ብር ገብቷል፤ ጾሙ ሳይወጣ ሃያ ይሞላል ያለም አለ። ተክለጻድቅ ከወሬው አልገባም። ወርቅአየሁ ከጎኑ ተቀምጣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጨብጣለች፤ ጠርሙሷ በጨርቁ ውስጥ ጣቷን ትነካታለች። አሁን ልጠይቀው ትልና ሰው ይሰማል ብላ ትተወዋለች። ቤት እያለን ነበር መጠየቅ የነበረብኝ ትላለች። እንዲህ ስትል ስሙ ተጠራ።

ሐኪሙ ዶክተር ወንድይራድ ይባላል። መጀመሪያ አገጩን ከመሣሪያው ላይ አስደግፎ የዓይኑን ግፊት ለካው። ቀጥሎ ጨለም ያለ ሣጥን የመሰለ ነገር ውስጥ አስመለከተውና ማብሪያ የመሰለች ነገር አስጨበጠው፤ መሀሉን ብቻ እያዩ፣ ከዳር ብልጭ የምትል መብራት ባዩ ቁጥር ይጫኑ አለው። ወርቅአየሁ ወንበሯ ላይ ሆና ድምፁን ታዳምጣለች። ጠቅ፣ ጠቅ ይልና ዝም። ዝምታው ሲረዝም ትንፋሿን ትይዛለች፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ መብራቶቹ እየበሩ እንደሆነና እሱ እንዳላያቸው ይገባታል። ጠቅ ሲል ትተነፍሳለች። ሲያበቃ ከማሽኑ ወረቀት ወጣ። ሐኪሙ ከበፊቱ ወረቀት ጎን ዘረጋው። በበፊቱ የግራ ዓይኑ ዳር ላይ ያለው ጥቁር የአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም ነበር። የዛሬው እስከ መሀሉ ጥግ ተስፋፍቷል።

"አባቴ፣ ጠብታውን በየቀኑ ይጠቀማሉ?"

"እጠቀማለሁ" አለ ተክለጻድቅ።

አልተርበተበተም። ዳዊቱን በሚደግምበት ድምፅ ነው ያለው። ወርቅአየሁ ፊቷ ጋለ። አርባ አንድ ዓመት አብራው ስትኖር በሰው ፊት አዋርዳው አታውቅም፤ በዚህ ልጁ በሚሆን ሐኪም ፊት ውሸትህን ነው ልትለው አፏ አልታዘዘላትም። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አነሳ። ጥር ላይ አሥራ ስድስት የነበረው የቀኝ ዓይን ግፊት ሃያ ስምንት፣ የግራው ሠላሳ መግባቱን ነገራቸው። እየተጠቀሙ እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ አልያዘልዎትም ማለት ነው፣ ሌላ ጠብታ ጨምሬ መሞከር እችል ነበር፣ ግን ግራው ጊዜ አይሰጠንም፣ ኦፕሬሽን ነው የሚሻለው አለ። ለሚቀጥለው ሳምንት የሚሆን ወረቀት ጻፈ። ተክለጻድቅ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለና ወጣ።

ያኔ መገናኛ ለከተማው ባቡር ሥራ ተቆፋፍሮ፣ ሰው ጉድጓዱን የሚሻገረው በጣውላ ላይ ነበር። ሲኖትራኩ አቧራውን ያነሳዋል፣ የታክሲ ረዳቱ ይጮኻል፣ በቆሎ ጠባሿ ከሰሏን ታራግባለች። ወርቅአየሁ አንድ እርምጃ ከኋላው ሆና ምን ብዬ ልጀምር ስትል ጣውላው ጋ ደረሱ። ተክለጻድቅ ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት እያየ ሄደ፤ ጣውላው በግራ በኩል የሚያልቅበትን አላየም። ግራ እግሩ አየር ላይ አረፈ። ከታች የነበረ ቢጫ ኮፍያ ያደረገ ሠራተኛ በሁለት እጁ ብብቱ ሥር ይዞ መለሰው።

"ቀስ ይበሉ አባባ፣ ባቡሩ ገና ነው፣ አያመልጥዎትም" አለ ሠራተኛው። ሰው ሳቀ። ተክለጻድቅም ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን ነጭ ሆኗል።

ወርቅአየሁ እጁን ይዛ ተሻገረችና ለመንገድ ጠርዝ በተከመረው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ቦርሳዋን ከፍታ ጠርሙሷን አወጣችና መዳፉ ላይ አኖረችለት። እሱም ጠርሙሷን በጣቶቹ አገላበጣት።

"ይመረኛል" አለ በመጨረሻ።

"ዓይንህን?"

"ጉሮሮዬን።"

ነገሩን ከዚያ በኋላ አንዴ ወደ መሬት አንዴ ወደ መንገዱ እያየ ተናገረው። ጠዋት ዓይኑ ውስጥ ጠብ ባደረገ በትንሽ ደቂቃ መራራ ነገር ጉሮሮው ላይ ይመጣል። ምራቁን ሲውጥ ይሰማዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ የማይቀምስ ሰው፣ ከሚስቱ ጋር የቆረበ ሰው፣ በጠዋት መድኃኒት ውጦ ጾምኩ ይበል? ስለዚህ የጠዋቱን ተወው። የማታውን እጠቀማለሁ ብሎ ነበር፤ ግን ዘጠኝ ሰዓት እህል ከቀመሰ በኋላ ድካሙ ይጥለዋል፣ አንዳንድ ቀን ሳያስበው ይተኛል። የገናን ጾምም እንዲሁ ነው ያሳለፈው፤ የጥር ወሩ ቀጠሮ ደህና የሆነለት ጾሙ ወጥቶ ጠብታውን ስለቀጠለ ነው። ወርቅአየሁ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። የሚመጣላት ቁጣ ግን አልነበረም። ስንት ነገር ስትጠረጥር ከርማ፣ ይህን አንዲት ቀን አልጠረጠረችም።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ጾሙን ፍታ ትይኛለሽ።"

"እላለሁ።"

"ለዚህ ነዋ" አለ ተክለጻድቅ።

እጁን ይዛ አስነሳችው። ተመልሰው ሦስቱን ፎቅ ወጡ። እሱ ከአግዳሚው አልነሳም አለ፤ በገዛ አፉ ዋሽቻለሁ ለማለት ሐኪሙ ፊት አይገባም። ወርቅአየሁ ብቻዋን በሩ ጋ ቆመች። ተራ የያዙት አጉረመረሙ፣ አንዷ፣ እማማ፣ እኛም እኮ ከሌሊት ጀምረን ነው አለቻት። ኦፕሬሽን የሚያስቀር ወሬ ነው የያዝኩት ልጄ፣ ሁለት ቃል ተናግሬ እወጣለሁ ብላ ገባች። ለዶክተር ወንድይራድ ሁሉንም ነገረችው፤ ባሏን እንዳታሳጣ እየተጠነቀቀች፣ ጥፋቱን ወደ ራሷ እየጎተተች፣ እኔ ነበርኩ መከታተል ያለብኝ እያለች። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሰማት። አልሳቀም። ስንቱ ሰው ሳይነግረኝ ቀርቶ ይሆን አለ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፤ ረመዳን ሲገባም እንዲሁ ነው፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ሁሉም እጠቀማለሁ ይለኛል፣ እኔም መድኃኒት እቀያይራለሁ።

ከዚያ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። ከዓይን ወደ አፍንጫ የምትወርድ ቀጭን መውረጃ አለች፣ ሰው ሲያለቅስ አፍንጫው የሚረጥበው በእሷ ነው አላት። ጠብታውም በዚያው ወርዶ ነው ጉሮሮ የሚደርሰው። የራሱን ጣት ዓይኑና አፍንጫው በሚገናኙበት ጥግ ላይ አሳረፈ። ጠብ አድርጎ ዓይንን መጨፈን፣ በጣት እዚህች ጋ ለሁለት ደቂቃ ጫን አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ በቀስታ መልቀቅ ነው። ምሬቱ ይቀራል፤ መድኃኒቱም ዓይን ውስጥ ይቆያል፣ ብዙው ወደ ደም ስለማይገባ ለልብም የሚሻለው እንዲህ ነው። ወርቅአየሁ በራሷ ዓይን ላይ ሞከረችው። ትንሽ ወደ ታች እማማ አላት፤ እዚያ ላይ አጥንቷ ትሰማዎታለች። ኦፕሬሽኑን አልሰርዘውም፣ ቀኑን ግን አንድ ወር ገፋ አድርጌ እንየው፣ ግፊቱ ከወረደ እናቆየዋለን አለ። ልትወጣ ስትል ልጅ አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ሴት ልጅ አለችን አለችው። በዘር ይሄዳል፤ ልጃችሁ ሳያማት ትምጣና ትታይ።

ኮሪደሩ ላይ ለባሏ ደግማ አሳየችው። ጣቷን ዓይኑ ጥግ ላይ ስታሳርፍ ሰው እያየ ነው ብሎ ፊቱን መለሰ። ከዚያ፣ ካልመረረም እንኳ ገብቶ እንደሆነ ማን ያውቃል፣ የነፍስ አባቴ ሳይፈቅዱልኝ አላደርገውም አለ። ወርቅአየሁ ሰዓቷን አየች። አራት ሰዓት ተኩል ነው። የጾም ቅዳሴ የሚገባው ስድስት ሰዓት ነው።

"እንግዲያው ተነሣ" አለችው።

ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ፈረንሳይ ለጋሲዮን። ከዚያ በላይ ታክሲ የለም፣ በእግር ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ሆኖ ይጀምርና ቤቱ እየሳሳ ሲሄድ አፈር ይሆናል፤ አፈሩ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለብሷል። እንጦጦ ከፊታቸው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ነፋሱ እንደ ታች አይደለም፣ ነጠላ ያስጠቀልላል። በየሃምሳ እርምጃው ያርፋሉ። እሷ ግን የምታርፈው ለማስመሰል ነው፤ ዓይኗ እሱ ላይ ነው፣ ጉብታውን ያያል፣ ሥሩን ያያል፣ በግራ በኩል የቀረበችውን ጥጃ ግን እስክትነካው ድረስ አላያትም። ቤተ ክርስቲያኗ ጫካው አፍ ላይ ያለች ትንሽ፣ ጣሪያዋ አረንጓዴ ቆርቆሮ የሆነ ናት።

የነፍስ አባታቸውን መምሬ ወልደ ኢየሱስን ከደጀ ሰላሙ ጎን ካለችው ጠባብ ክፍላቸው በር ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ሣጥን፣ በግድግዳው ምስማር ላይ የተሰቀለ ጥቁር ካባ ነው ያላት። መስቀል ተሳለሙ። ተክለጻድቅ ነገሩን ሲጀምር ተደናቀፈ፣ ወርቅአየሁ ጨረሰችለት። ሙግት ጠብቃ ነበር፤ በመንገዱ ላይ የምትለውን ስታሰናዳ ነው የወጣችው። ቄሱ ግን ሳትጨርስ ነው ያቋረጧት። የታመመ መድኃኒቱን ይውሰድ፣ ዓይን ውስጥ የገባ ጠብታ እህል ውሃ አይደለም፣ ይህን ልትጠይቀኝ ወር ሙሉ ጠበቅህ ወይ አሉ ባሏን። ተክለጻድቅ አንገቱን ደፋ።

ወርቅአየሁ ደስ ሊላት ሲገባ ሌላ ነገር ያዛት። ቄሱ ከእሷ ወደ ባሏ ሲያዩ ዓይናቸውን አይደለም የሚያዞሩት፣ አንገታቸውን ከነትከሻቸው ነው። ከጎናቸው የነበረውን መቋሚያ ሊያነሱ እጃቸውን ሁለት ጊዜ አየር ላይ ዘረጉ፣ በሦስተኛው ነው ያገኙት። ይህን ስድስት ወር ሙሉ ቤቷ ውስጥ ስታይ ኖራለች። ልትተወው አሰበች። የማያገባትን የምትናገር ሴት ልትባል ነው። አፏ ግን ቀደማት።

"አባቴ፣ እርስዎስ ዓይንዎን ታይተዋል?"

መምሬ ወልደ ኢየሱስ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከርቀት እንጨት የሚፈልጥ ሰው ይሰማል። ቆይተው ተነሡና ወደ ክፍላቸው ገቡ፤ ሲመለሱ በእጃቸው የያዙት ከነካርቶኑ ያለ የዚያው ጠብታ ጠርሙስ ነው። ሴት ልጃቸው ናት ለምርመራ የወሰደቻቸው፣ ባለፈው ክረምት። አንድ ሳምንት ተጠቀሙበት፣ መረራቸው፣ ተዉት።

"ሌላውን መፍቀድ አይከብድም" አሉ። "እኔ ግን ቀዳሽ ነኝ። አፌ መሮኝ መቅደስ ልግባ?"

ተክለጻድቅ ቀና ብሎ አያቸው። በዚያች ደቂቃ ፊቱ ላይ የሆነው ነገር ለወርቅአየሁ ከሐኪሙ ቃል በላይ ነበር፤ ለብቻው የተሸከመውን ሌላ ሰው ትከሻ ላይ እንዳየ ሰው ነው የሆነው። እሷ ደግሞ አትፍሩ አለች፣ ጣቷን በራሷ ዓይን ጥግ ላይ አድርጋ ሐኪሙ ያሳያትን ሁሉ አሳየች፤ አጥንቷ የምትሰማበትን፣ ጫን ማለቱን፣ ሁለት ደቂቃውን። ቄሱ በትኩረት ሰሟት። ዛሬ ሰሞነኛው ሌላ ቄስ ነው፣ እሳቸው አይቀድሱም፤ ቢመርም የሚፈርሰው የራሳቸው የአንድ ቀን ጾም ብቻ ነው። ሳምንት ግን ተራው የእሳቸው ነው።

"ቢመርህ በኔ ይሁን" አሉት ተክለጻድቅን። "አብረን እንየው።"

የቄሱ ጠርሙስ ከተገዛ ስለቆየ ወርቅአየሁ በባሏ ጠርሙስ ይሁን አለች፤ ወረቀቱ የተከፈተ በወሩ ይጣል ይላል፣ የባሏም ከነገ አያልፍም። ሁለቱ አዛውንቶች ድንጋዩ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። እጇ እንዳይስት ክንዷን በሌላው እጇ ይዛ፣ የጠርሙሷ ጫፍ ቅንድብ እንዳይነካ እየተጠነቀቀች ጠብ አደረገችላቸው። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ሁለቱም ጣታቸውን ጥጉ ላይ አሳረፉ። የባሏን ጣት ትንሽ ወደ ታች አወረደችለት። ሰዓቷን ልታይ ስትል ቄሱ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ፣ ሁለት ደቂቃ አራት አቡነ ዘበሰማያት ይሆናል አሉና በለሆሳስ ጀመሩ። ተክለጻድቅ ተከተለ። እሷም ተከተለች፤ ከቃሉ ይልቅ ጉሮሯቸውን እያየች። ሦስተኛው ላይ የባሏ ማንቁርት ከፍ ዝቅ አለ። ምራቁን ዋጠ።

አራተኛው አለቀ። ጣታቸውን ለቀቁ። ቄሱ አንዴ ዋጡ፣ ቆዩ፣ ደግመው ዋጡ። ተክለጻድቅ ምላሱን በላንቃው ላይ እያንቀሳቀሰ አንድ ነገር እንደጠፋበት ሰው ይፈልጋል።

"የለም" አለ።

"ለእኔም የለም" አሉ መምሬ ወልደ ኢየሱስ፤ ዓይናቸው ረጥቧል፣ ጠብታው ይሁን ሌላ አልታወቀም። ነገ ለልጄ ደውዬ አዲስ ጠርሙስ አስመጣለሁ፣ እሑድ ከስብከቱ በኋላ ለሕዝቡ እነግራለሁ፣ እንደኛ የደበቀ አይጠፋም አሉ። ከዚያ ደወሉ ተመታ።

ቅዳሴው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው የወጣው። ጠበል ጠጥተው፣ የያዙትን ዳቦ ተካፍለው መውረድ ጀመሩ። ደመናው ሳስቶ ፀሐይ በባሕር ዛፎቹ መካከል ትገባለች፤ ከታች መገናኛ ድረስ ያለው ቆርቆሮ ሁሉ ያብለጨልጫል። ተክለጻድቅ ስልኩን አውጥቶ፣ ቁጥሩን በአውራ ጣቱ እየነካ፣ ለልጃቸው ደወለ። ነገ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቂ፣ ዓይንሽን ትታያለሽ፣ አዎ አያምሽም አውቃለሁ፣ እኔንም አላመመኝም አላት። ወርቅአየሁ ይህን ሁሉ በሕይወቷ የምታውቀው ሰው እንደሚናገር ሳይሆን አዲስ ሰው እንደሚናገር አድርጋ ሰማች። ስልኩን ዘግቶ ትንሽ ከሄደ በኋላ ቆመ።

"ወርቄ፣ በቀኜ ሁኚ።"

"ለምን?"

"በግራዬ ስትሄጂ የለሽም።"

ይህን ስድስት ወር አላለውም ነበር፤ ለሐኪሙም፣ ለልጁም፣ ለእሷም። ወርቅአየሁ ልታለቅስ ፈልጋ ነበር፤ ግን መንገዱን አየችው። ዝናቡ ያጠበው ቦይ በግራ በኩል ከጉልበት በላይ ተቆፍሮ እስከ ታች ይወርዳል።

"ቦዩ በግራ ነው ያለው" አለችው። "እኔም እዚያው ነኝ።"

"ታዲያ እንዴት አድርጌ ነው የማይሽ?"

"ጥራኛ።"

ግራ ክንዱን ጨበጠችና መውረዱን ቀጠሉ። አሥር እርምጃ ያህል ሄዱ።

"ወርቄ" አለ።

"አቤት።"

ደግሞ ጥቂት ሄደና ጠራት፤ አሁን ድምፁ ውስጥ ሳቅ አለ። አቤት አለችው። ፈረንሳይ ታክሲ መያዣው ድረስ እንዲህ እየጠራት፣ እንዲህ አቤት እያለችው ወረዱ።